ባዶው ወንበር ምስክር አልነበረም

ኦክቶበር 15 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዮዋ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ለአሜሪካ እግር ኳስ በተሠራው በኪኒክ ስታዲየም መካከል የእንጨት ወለል ተነጠፈ፤ በወለሉ ጫፍና ጫፍም ሁለት ቅርጫቶች ቆሙ። በዚያም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከዲፖል ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጫወተ። ጨዋታው የወዳጅነት ነበር፤ ዋንጫ የለውም፣ ውጤቱም በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም። ሆኖም ሊመለከት የመጣው ሰው 55,646 ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከፍተኛው ተብሎ የሚጠቀሰው የተመልካች ቁጥር በ2002 በሳን አንቶኒዮ ከተማ ለዋንጫው ፍጻሜ የተገኘው 29,619 ነበር። ለፍጻሜ ጨዋታ ከተሰበሰበው ሕዝብ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰው፣ ምንም ለማይገኝበት ጨዋታ ከሰማይ በታች ተቀመጠ ማለት ነው።

ሕዝቡን የጠራው ስም የታወቀ ነው፤ ኬትሊን ክላርክ። የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ፣ የዚያው ግዛት ልጅ። በዚያ ቀን 34 ነጥብ አስቆጠረች፣ 11 ጊዜ የተመለሰ ኳስ ያዘች፣ 10 ጊዜ ደግሞ ለሌሎች ግብ የሆነ ኳስ አቀበለች። ከገቢው 250,000 ዶላር ለዩኒቨርሲቲው የሕፃናት ሆስፒታል ተሰጠ።

የፖለቲካ ሐተታ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የቅርጫት ኳስ ወሬ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጥያቄው የኳስ ብቻ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ በጀት ሲመደብ፣ የቴሌቪዥን ውል ሲፈረምና ደመወዝ ሲተመን በሴቶች ስፖርት ላይ ሁልጊዜ የሚቆም አንድ ምስክር ነበር፤ ባዶው ወንበር። «ብንሰጣቸው ደስ ይለን ነበር፤ ግን ማን ይመለከታቸዋል?» ይባል ነበር። ባዶው ወንበር አይዋሽም፣ አያዳላም፣ ስሜት የለውም ተባለለት። እኔ ዛሬ ማለት የምፈልገው ይህ ምስክር ሐሰተኛ እንደነበር ነው። ይህን ያጋለጠችው አንዲት ኮከብ ተጫዋች መሆንዋ እውነት ነው። አሁን ግን ዐዲስ ምስክር እየተዘጋጀ ነው፤ «ሕዝቡ የመጣው ለእሷ ብቻ ነው፤ እሷ ስትሄድ እሱም ይሄዳል» የሚል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የማይሻል መሆኑን ማሳየት ይገባል።

አስቀድሞ ለኮከቧ የሚገባትን እንስጣት። ክላርክ በ2020 ወደ ዩኒቨርሲቲው ስትገባ ወረርሽኙ ዓለምን ያስጨነቀበት ጊዜ ስለነበር፣ ኋላ አዳራሹን ጢም አድርጋ የሞላችው ልጅ የመጀመሪያ ዓመቷን የተጫወተችው ሕዝብ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። በአራተኛው ዓመቷ፣ በ2023-24 የውድድር ዘመን፣ 14,998 ሰው የሚይዘው የካርቨር-ሆክአይ አዳራሽ የዓመት ትኬት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተሸጦ አለቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቡድኑ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 ከሚሺጋን ጋር በተደረገው ጨዋታ 49 ነጥብ አስቆጥራ ኬልሲ ፕላም ይዛው የነበረውን የ3,527 ነጥብ ክብረ ወሰን ሰበረች። በማርች መጀመሪያ ደግሞ የወንዶቹን የፒት ማራቪችን 3,667 አለፈች። የኮሌጅ ዘመኗን የፈጸመችው በ3,951 ነጥብ ነው።

ለመሆኑ አንድ ተጫዋች አዳራሽን የሚሞላው እንዴት ነው? «ጎበዝ ስለሆነ» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። ጎበዝ ሆነው በባዶ አዳራሽ ተጫውተው ያለፉ ብዙ ናቸውና። ነገሩን ከፋፍለን ስናየው ቢያንስ አራት ምክንያቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው እናገኛለን።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። አንድ አሜሪካዊ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ኮከብ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ አንድ ዓመት ካለፈውና ዕድሜው 19 ከሞላ ወደ ታላቁ የባለሙያዎች ሊግ መግባት ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ባለ ተሰጥዖዎች በኮሌጅ የሚቆዩት አንድ ክረምት ነው፤ ሕዝቡ ስማቸውን ሲለምድ እነሱ ሄደዋል። የሴቶቹ ሊግ ደንብ ግን አሜሪካዊት ተጫዋች በምርጫው ዓመት 22 ዓመት እንዲሞላት ወይም የኮሌጅ ትምህርቷን እንድትጨርስ ይጠይቃል። ይህ ደንብ ሴቶቹን የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ መሆኑ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ለተመልካቹ ግን ያደረገለት ነገር ግልጽ ነው፤ አንዲትን ልጅ ለአራት ዓመት ስታድግ የማየት ዕድል ሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ስሟን የሰማ፣ በሁለተኛው በቴሌቪዥን ያያት፣ በሦስተኛው ትኬት ገዛ፣ በአራተኛው ልጆቹን አስከትሎ መጣ።

ሁለተኛው ቦታ ነው። አዮዋ ሦስት ሚሊዮን ከጥቂት በላይ ሕዝብ ያላት፣ በእርሻ የምትታወቅ ግዛት ናት፤ በታላላቆቹ ሊጎች የሚጫወት አንድም የባለሙያዎች ቡድን የላትም። እንዲህ ባለ ቦታ የዩኒቨርሲቲው ቡድን የተማሪዎች ብቻ ሳይሆን የአገሬው ሁሉ ቡድን ነው። ክላርክ ደግሞ ከዋና ከተማዋ ከዴሞይን አካባቢ የወጣች፣ ከቤቷ የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቃ የተማረች ልጅ ናት። «የኛ ልጅ» የሚለው ቃል በየትኛውም አገር ቢሆን ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ኃይል አለው።

ሦስተኛው የአጨዋወቷ ጠባይ ነው። ተከላካይ ሊደርስባት ከሚያስብበት መስመር እጅግ ርቃ፣ አንዳንዴም የሜዳው መካከለኛ ምልክት አጠገብ ቆማ ትወረውራለች። ኳሱ ከእጇ ወጥቶ ቅርጫቱ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ረዥም ነው፤ በዚያች ቅጽበት አዳራሹ በሙሉ እስትንፋሱን ይይዛል። ይህን ዓይነት ትንፋሽ መያዝ በቴሌቪዥን አይገኝም፤ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለእሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ተቀናቃኝ ያስፈልጋል። በ2023 ዳላስ ላይ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን አዮዋን 102 ለ 85 ሲያሸንፍ፣ በአሸናፊዎቹ በኩል ኤንጀል ሪስ የምትባል ኃይለኛ ተጫዋች ባትኖር ኖሮ፣ በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ቡድኖች ዳግም ሲገናኙ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ባልተመለከተ ነበር። ኮከብ ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ ታሪክ የሚሆነው የሚቋቋመው ሲገኝ ነው።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ልብ የማይባለው የትኬቱ አሠራር ነው። ኮከቧን ማየት የሚፈልግ ሁሉ የአንድ ቀን ትኬት ብቻ ቢፈልግ ኖሮ አዳራሹ በታላላቅ ጨዋታዎች ሞልቶ በሌሎቹ ይጎድል ነበር። ትኬት እየጠበበ ሲሄድ ግን ሰው ቦታውን ለማረጋገጥ የውድድር ዘመኑን በሙሉ መግዛት ግድ ይሆንበታል። የዓመት ትኬት የገዛ ሰው ደግሞ ሳያስበው ሌላ ሰው ይሆናል። በጥር ብርድ ከደካማ ቡድን ጋር የሚደረገውንም ጨዋታ ያያል፤ የኮከቧን ጓደኞች ስም ያውቃል፤ ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው ጋር ይተዋወቃል። በዓመቱ መጨረሻ ቦታውን ልልቀቅ ወይስ ላድስ ብሎ ሲጠየቅ የሚያስበው ስለ ኮከቧ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከለቀቀው ተመልሶ ስለማያገኘው ወንበርም ያስባል። ለአንድ ሰው ብሎ የገባ፣ ለቤቱ ብሎ ይቀራል። ልማድ ያለ ምክንያት አይመጣም፤ አንዴ ከመጣ ግን በቀላሉ አይሄድም።

እዚህ ላይ ነው «ሁሉም የአንዲት ልጅ ሥራ ነው» የሚለውን አባባል መመርመር የሚገባን። አዮዋ በ2020 ባዶ መሬት አልነበረችም። በዚያች ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች የግዛት ሻምፒዮና የተጀመረው በ1920 ነው። በየቡድኑ ስድስት ስድስት ሆነው የሚጫወቱት የዱሮው የሴቶች ቅርጫት ኳስ እስከ 1993 ድረስ በግዛቷ ቆይቶ፣ በየዓመቱ ሕዝቡ ከየገጠሩ ወደ ዴሞይን ይጎርፍለት ነበር። በ1969 ዴኒዝ ሎንግ የምትባል የዚያ ጨዋታ ኮከብ በሳን ፍራንሲስኮ የወንዶች ባለሙያ ቡድን እስከ መመረጥ ደርሳ ነበር፤ የሊጉ ኃላፊ ግን ምርጫውን ሰረዘው። እንግዲህ በአዮዋ ሴቶች ልጆች ሲጫወቱ መመልከት ዐዲስ ፋሽን ሳይሆን የአያት ልማድ ነበር።

ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን ታሪክ አለው። በ1983 ቪቪያን ስትሪንገር የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አሠልጣኝ ወደ አዮዋ መጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1985፣ ከኦሃዮ ስቴት ጋር በተደረገው ጨዋታ 22,157 ሰው በዚያው በካርቨር-ሆክአይ አዳራሽ ተገኘ፤ ከመቀመጫው ቁጥር በላይ ማለት ነው። ይህ የሆነው ክላርክ ከመወለዷ 17 ዓመት በፊት ነው። በ1987 ደግሞ በቴነሲ ግዛት የፓት ሳሚት ቡድን ከቴክሳስ ጋር ሲጫወት 24,563 ሰው ተገኝቷል። እንግዲህ ሰው ሴቶችን አይመለከትም የሚለው አባባል ያን ጊዜም እውነት አልነበረም። ተመልካቹ ነበር፤ የጎደለው ተመልካቹን በየሳምንቱ የሚጠራ፣ የሚያስተናግድና የሚያስለምድ ቤት ነበር። አንድ ጊዜ የሞላ አዳራሽ እንደ ድንገተኛ ነገር ታይቶ ተረሳ፤ ባዶው ወንበር ግን በየዓመቱ ለምስክርነት ይጠራ ነበር።

ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ወደ ደቡብ ካሮላይና እንሂድ። በሦስት ኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁት ዶን ስቴሊ የዚያን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ማሠልጠን የጀመሩት በ2008 ነው። በ2014 ከዚያው አካባቢ የበቀለችው ኤዣ ዊልሰን ቡድኑን ተቀላቀለች፤ በ2017 የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጡ፤ በ2021 ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሐውልት ቆመላት። ከ2014-15 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደቡብ ካሮላይና በተመልካች ብዛት ከአገሪቱ የሴቶች ኮሌጅ ቡድኖች ሁሉ አንደኛ ሆነች። ልብ ማለት የሚገባው ቀጥሎ ያለው ነው። ዊልሰን በ2018 ሄደች፤ ሕዝቡ ግን አልሄደም። ከእሷ በኋላ አሊያ ቦስተን መጣች፤ በ2023 እሷም ሄደች፤ ሕዝቡ አሁንም አልሄደም። በ2023-24 ቡድኑ ያለፈውን ዓመት አምስቱንም ቋሚ ተሰላፊዎች አጥቶ ጀመረና 38 ጨዋታ ተጫውቶ 38ቱንም አሸነፈ። በክላርክ ዝነኛ ዓመት እንኳ በአዳራሽ ተመልካች አማካይ ቁጥር አንደኛዋ አዮዋ ሳትሆን ደቡብ ካሮላይና ነበረች። ጋዜጠኛው ሁሉ ወደ አንዲት ልጅ ሲሮጥ ይህ ቁጥር በዳር አለፈ።

ሚዛናዊ ለመሆን ግን በተቃራኒው ያለውንም ማስረጃ መደበቅ አይገባኝም። ኤፕሪል 7 ቀን 2024 በክሊቭላንድ ከተማ ደቡብ ካሮላይና አዮዋን 87 ለ 75 ያሸነፈችበትን ፍጻሜ በአማካይ 18.9 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተው፤ በማግስቱ የተደረገውን የወንዶቹን ፍጻሜ የተመለከተው 14.8 ሚሊዮን ነበር። የሴቶቹ ፍጻሜ ከወንዶቹ በልጦ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው። በ2025 ግን ክላርክ የለችም፤ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ደቡብ ካሮላይናን 82 ለ 59 ያሸነፈበትን ፍጻሜ የተመለከተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ከግማሽ በላይ ወረደ። «አላልኳችሁም?» የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር በእጃቸው ይዘዋል፤ ቁጥሩም እውነት ነው።

ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። የቴሌቪዥን ተመልካችና የወንበር ተመልካች ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውን ይከተላል፤ ጣቱን በመጫን ይመጣል፣ ጣቱን በመጫን ይሄዳል፣ ምንም አይከስርም። እኔም ራሴ፣ ልናዘዝ፣ በዚያ ሰሞን የጨዋታ መርሐ ግብር ስመለከት ከቡድኑ ስም አስቀድሜ የምፈልገው የልጅቷን ስም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የስንቱን ጨዋታ እንዳየሁ ብጠየቅ አፍራለሁ። ሁለተኛው ግን ቤትን ይከተላል። ይህን ለመፈተን ከአዮዋ የተሻለ ቦታ የለም። ክላርክ በ2024 ሄደች። ለ24 ዓመታት ያህል ቡድኑን ያሠለጠኑት ሊሳ ብሉደርም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ኮከቧም አሠልጣኟም በአንድ የጸደይ ወቅት ተለይተው ሄዱ። ታዲያ የ2024-25 የዓመት ትኬት ለሽያጭ ሲቀርብ ምን ሆነ? ዳግም ተሸጦ አለቀ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 የክላርክ 22 ቁጥር መለያ ለክብሯ ከአዳራሹ ጣሪያ ሲሰቀል እሷ ከተመልካቾች መካከል ነበረች፤ ወለሉ ላይ የነበሩት ሌሎች ልጆች በጁጁ ዋትኪንስ የሚመራውን ጠንካራውን የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 76 ለ 69 አሸነፉ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

አንድ ሌላ የማይመች ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ አንባቢው ይታዘበኛል። ክላርክ ነጭ ናት። ከእሷ በፊትም ሆነ በእሷ ዘመን ይህን ጨዋታ ከተሸከሙት ኮከቦች አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። በ2023ቱ ፍጻሜ ማግስት ሁለት ተጫዋቾች ያደረጉት ተመሳሳይ የእጅ ምልክት በአንዷ «ወኔ»፣ በሌላዋ «ብልግና» ተብሎ ሲተረጎም አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ኤዣ ዊልሰንም በ2024 የቆዳ ቀለም በተወዳጅነት ላይ ድርሻ እንዳለው በግልጽ ተናግራለች። ይህ የክላርክን ችሎታ በአንዲት ነጥብ አይቀንስም፤ 3,951 ነጥብ በቀለም አይገባም። ነገር ግን ካሜራው ማንን ቀድሞ እንደሚያይ፣ ማስታወቂያ ሠሪው ማንን ቀድሞ እንደሚጠራ ይነግረናል። «ገበያው ፈረደ» የሚሉን ሰዎች ገበያውም ዓይን እንዳለው፣ ዓይኑም የለመደው ነገር እንዳለ ይዘነጋሉ። ሁሉን ነገር ለአንዲት ኮከብ መስጠት በዚህም ምክንያት አደገኛ ነው፤ ከጎንዋና ከፊቷ የነበሩትን ያጠፋቸዋልና።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ፤ የፖለቲካው ሆድ እዚያ ነውና። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚቀበል ትምህርት ቤት ማንም በጾታው ምክንያት እንዳይገለል ደነገገ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ የወንዶቹን ሻምፒዮና በ1939 ሲጀምር የሴቶቹን የጀመረው ከሕጉ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። አርባ ሦስት ዓመት ዘግይቶ የተነሣ ሯጭ ለምን ቀድሞ አልደረሰም ተብሎ ይጠየቃል?

ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሩ በቅንነት አልተሄደበትም። በ2021 በሳን አንቶኒዮ በተካሄደው የሴቶች ሻምፒዮና ሴዶና ፕሪንስ የተባለች የኦሪገን ተጫዋች አንድ አጭር ቪዲዮ ለሕዝብ አሳየች። ለወንዶቹ የተዘጋጀው የሰውነት ማጠንከሪያ አዳራሽ በመሣሪያ የተሞላ ነበር፤ ለሴቶቹ የቀረበው ግን በአንድ መደርደሪያ ላይ ያለ የእጅ ክብደት ነበር። ቁጣው ማኅበሩን የውጭ አጣሪዎች እንዲቀጥር አስገደደው። በዚያው ዓመት ኦገስት የወጣው ሪፖርት የሴቶቹ ሻምፒዮና የቴሌቪዥን መብት በ2025 በዓመት ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ እንደሚችል ገመተ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከሌሎች በርካታ ውድድሮች ጋር በአንድ ጥቅል ታስሮ ይሸጥ ነበር። የወንዶቹ ሻምፒዮና የሚጠራበት ዝነኛ ስም እንኳ ለሴቶቹ የተፈቀደው በ2022 ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ሪፖርት የወጣው ክላርክ ገና የመጀመሪያ ዓመቷን፣ ያውም በባዶ አዳራሽ፣ እንደጨረሰች ነው። ዋጋው ኮከቧ ከመታየቷ በፊት ነበረ፤ የሚቆጥረው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ስለዚህ ባዶው ወንበር የሴቶቹን ጨዋታ ዋጋ ሳይሆን በጨዋታው ላይ የወጣውን ወጪ ነበር የሚመሰክረው። ያላስተዋወቁትን ማንም አያውቀውም፤ ያላሳዩትን ማንም አያየውም፤ ከዚያም «ማንም አላየውም» ብለው በጀቱን ይቀንሳሉ። ያልዘራ ገበሬ ማሳው ባዶ ነው ብሎ መሬቱን ሲረግም እንደመስማት ነው።

በ2024 መጀመሪያ የተፈረመው የስምንት ዓመት የ920 ሚሊዮን ዶላር ውል አርባ ውድድሮችን አንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ድርሻ በዓመት 65 ሚሊዮን ያህል ተገምቷል። ውሉ የተፈረመው በጃንዋሪ ነው፤ 18.9 ሚሊዮን ሰው የተመለከተው ፍጻሜ በኤፕሪል መጣ። ሦስት ወር ቢታገሡ ኖሮ ምን ዋጋ ይጠሩ እንደነበር መገመት ለአንባቢ እተዋለሁ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ማኅበሩ በሴቶቹ ሻምፒዮና ለሚያሸንፉ ቡድኖች፣ ለወንዶቹ ለአሥርት ዓመታት ሲደረግ እንደቆየው ሁሉ፣ ከገቢው ድርሻ እንዲከፈል ወሰነ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተመደበው 15 ሚሊዮን ዶላር ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ዜሮ ነበር። ይህ ውሳኔ ከ55,646 ሰዎች ይልቅ የሚዘልቅ ይመስለኛል። ሕዝብ ተሰብስቦ ይበተናል፤ ደንብ ግን ተጽፎ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች የሚወጣው ትምህርት «ኮከብ ፈልጉ» የሚል ሊሆን አይገባውም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ እንደ ክላርክ ያለች ልጅ ቢፈልግ አያገኛትም፤ በትውልድ አንድ ወይም ሁለት ትወለዳለች። ትምህርቱ ኮከቧ በመጣች ቀን የምትገባበትን ቤት አስቀድሞ መሥራት ነው፤ ጥሩ አሠልጣኝ፣ በሰው ሰዓት የሚተላለፍ ጨዋታ፣ አንድ ቤተሰብ ሊከፍለው የሚችል ትኬት፣ ለጋዜጠኛ የሚከፈት በር። ኮከቧ ሳለች ደግሞ የመጣውን ሕዝብ በስሟ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ስም መቀበል ነው። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ይላል አገራችን። አንድ ፍም ግን የተከመረውን እንጨት ያቀጣጥላል፤ እንጨቱን የከመሩት ሰዎች ስማቸው ባይነሣም።

ከክላርክ በኋላም በካርቨር-ሆክአይ አዳራሽ ጨዋታ አለ። መብራቱ ይበራል፤ ሕዝቡ በጥር ብርድ ካፖርቱን አራግፎ ይቀመጣል። ከመካከላቸው ክላርክን ለማየት መጥቶ የነበረ፣ አሁን ግን የሌላይቱን ልጅ ስም ጠርቶ የሚጮህ ሰው አለ። የአሜሪካ ኮሌጆች ስለ ሴቶች ስፖርት በጀት ወደፊት ሲከራከሩ ለምስክርነት መጠራት ያለበት ይህ ሰው ነው እንጂ ባዶው ወንበር አይደለም።